ባልና ሚስት ገቢያቸው ሲለያይ፦ በወሎ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከመርሳና ከወልድያ ጥንዶች ደጋግመን የምንሰማቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ የሕጉ ነገር የተጻፈው በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 79/1995) እና በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213/1992) ላይ ተመሥርቶ ነው።

የገቢ ልዩነት ትዳር ያፈርሳል?

ልዩነቱ ብቻውን አያፈርስም። አንዱ የሌላውን እጥፍ የሚያገኝባቸው፣ አንዱ ጭራሽ ደመወዝ የሌለው ስንት ቤቶች በፍቅር ይኖራሉ። ትዳር ሲናጋ የማየው ገንዘቡ ሲደበቅ ነው። ወይም ብዙ የሚያገኘው ሰው «እኔ ነኝ የማበላችሁ» ማለት ሲጀምር ነው።

ዘመኑ መለወጡ ግን እውነት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ የበላይ ነው ብሎ በግልጽ ይደነግግ ነበር። ያ ቀርቷል፤ ዛሬ በሕግ ፊት ሁለቱም እኩል ናቸው። ኑሮውም በራሱ መንገድ ተለውጧል። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ ስፌት ማሽን ላይ የተቀመጡት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው። ከቃሉ፣ ከተሁለደሬ፣ ከሐብሩ ወደ ጂዳና ወደ ቤይሩት የሄዱትም እነሱው ናቸው። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ደግሞ ሱቁ የተዘረፈበት ነጋዴ በአንድ ሰሞን ከሚስቱ የአስተማሪነት ደመወዝ በታች ሆነ። ስለዚህ ዛሬ የምትበልጠው አንተ ብትሆን ነገ እሷ ልትሆን ትችላለች። የቤታችሁን ደንብ ያንን አስባችሁ አውጡ።

ለቤት ወጪ ማን ምን ያህል ያዋጣ? እኩል ነው ወይስ እንደ ገቢ?

እንደ ገቢ። ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ባልና ሚስት ለቤት ወጪ የሚያዋጡት በየአቅማቸው መጠን ነው። እኩል ማዋጣት ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። በተግባር ግን ትንሽ የሚያገኘውን ሰው ባዶ ኪሱን ያስቀረዋል።

በቁጥር እንየው። እሱ 18,000፣ እሷ 9,000 ብር በወር ያገኛሉ እንበል። የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ተደምሮ 18,000 ቢሆንና እኩል ቢካፈሉት እያንዳንዳቸው 9,000 ያወጣሉ። ለሱ 9,000 ይተርፈዋል። ለሷ ምንም። ከዚያ ለጫማም፣ ለሞባይል ካርድም፣ ለእናቷ ስኳርም ባሏን መጠየቅ ነው። እንደ ገቢ ሲሆን ግን እሱ 12,000፣ እሷ 6,000 ያዋጣሉ። ለሱ 6,000፣ ለሷ 3,000 ይቀራል። አሁንም እኩል አይደሉም። ግን ማንም ለማኝ አልሆነም።

ይህ ስሌት የቤቱን ሥራ አያይም። እንጀራው፣ ልጅ ማጠቡ፣ የእንግዳው ቡና፣ የታመመች አማት ማስታመሙ ሁሉ ጉልበት ነው። «ገንዘቡ የሚያንሰው በጉልበት ይካስ» የሚል ሰው ይኖራል። ክፉ ሐሳብ አይደለም። ችግሩ ሴቷ ላይ ብቻ መሥራቱ ነው። እሷ ከሱ በላይ ስታገኝ እሱ ማጀት ሲገባ ብዙ ጊዜ አይታይም። እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ ንግግር ያስፈልጋል።

ገቢ የለኝም፤ ቤት ነው የምውለው። የባለቤቴ ደመወዝ የኔም ነው?

አዎ። ከተጋባችሁ በኋላ በሥራ የሚገኝ ገቢ ሁሉ የጋራ ሀብት ነው። ደመወዝ፣ የሱቅ ትርፍ፣ የታክሲ ገቢ፣ የቀን ሥራ፣ ሁሉም። በማን ስም ወጣ፣ ማን አመጣው አይባልም። «እሷ እኮ አትሠራም» የሚለው አባባል በፍርድ ቤት ቦታ የለውም። በቤትም ባይኖረው መልካም ነው።

ገበሬም ብትሆኑ ያው ነው። በክልላችን የገጠር መሬት የይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ አብሮ ይወጣል። ደብተሩ ቤት ካለ አውጥታችሁ እዩት። የሚስት ስም ከጎደለ ወረዳው መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ አሁኑኑ አስተካክሉ፤ ጸብ እስኪመጣ አትጠብቁ።

ባሌ ደመወዙን አይነግረኝም። የመጠየቅ መብት አለኝ?

አለሽ። ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው ገቢያቸውን በራሳቸው ስም መቀበልና በራሳቸው የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ ይችላሉ። ነገር ግን አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ያገኘውን የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ይህ በሕጉ ውስጥ ያለ ነው።

ወደ ሕጉ ከመሄድሽ በፊት ግን አጠያየቁን ቀይሪው። «ስንት ነው የሚከፈልህ?» ስትዪው ምርመራ ይመስለዋል። ይልቅ የወሩን ወጪ በወረቀት ጻፊና ፊቱ አስቀምጪው። ጤፍ ይህን ያህል፣ ዘይት ይህን ያህል፣ ኪራይ፣ ውሃና መብራት፣ የልጁ ክፍያ። ከዚያ «ይሄን በምን እንሸፍነው?» በዪ። ብዙ ወንድ ቁጥሩን የሚናገረው ያኔ ነው። ነጋዴ ከሆነ ደግሞ ትዕግሥት ጨምሪ፤ ሽያጩን እንጂ ትርፉን በትክክል የማያውቅ ነጋዴ ሞልቷል። እየደበቀሽ ሳይሆን እሱም አያውቀው ይሆናል።

ሚስቴ ተደብቃ እቁብ ትጥላለች። ይሄ ክህደት አይደለም?

መጀመሪያ ለምን እንደደበቀችው ጠይቅ። ብዙ ሴቶች እቁብ የሚደብቁት ባላቸውን ለመጉዳት አይደለም። ብሩ ቤት ውስጥ ከታየ እንደሚጠፋ ስለሚያውቁ ነው። በጫት የሚያልቅ፣ በመጠጥ የሚያልቅ፣ ለዘመድ የሚበተን ገንዘብ ያየች ሴት ለልጆቿ ትምህርት ቤት ክፍያ አንድ ነገር ታስቀምጣለች። እኔ በሷ አልፈርድም።

በሌላ በኩል ምንም ሳይጎድልባት፣ ባሏ ያለውን ሁሉ እያሳያት «የሱ የጋራችን፣ የኔ የኔ» የምትል ካለች ልክ አይደለችም። እቁቡም የጋራ ገቢ ነው። እጣው ሲወጣ ቁጭ ብላችሁ ምን እንደሚሠራበት ተነጋገሩ። እቁቡን ግን አታስቋርጣት። ብዙ ቤት ቆርቆሮ የለበሰው በሴቶች እቁብ ነው።

ሚስቴ ከኔ የበለጠ ታገኛለች። ሰው ፊት እንዴት ልሁን?

ደሴ ፒያሳ ካፌ ተቀምጠህ ብትታዘብ ይህን ጥያቄ በዓይንህ ታየዋለህ። ሒሳብ ሊመጣ ሲል ሚስት ቦርሳዋን ከፈት ታደርጋለች። ብሩን አጥፋ በጠረጴዛው ሥር ለባሏ ታቀብለዋለች። እሱ ይቆጥራል፣ ይከፍላል። አስተናጋጁም «እናመሰግናለን ጋሼ» ብሎ ለሱ አጎንብሶ ይሄዳል። ሴትየዋ ይህን የምታደርገው ከፍቅር ነው፤ ባሏ እንዳያፍር ነው። ግን በየሳምንቱ የሱን ክብር የምትጠብቀው እሷ ብቻ ከሆነች ሸክሙ ይከብዳታል። አንድ ቀን እሱ ራሱ «ዛሬ ያንቺ ተራ ነው፣ ክፈይ» ቢላት ምን ይሆናል? ምንም አይሆንም።

የሰው ወሬ እንዳለ አውቃለሁ። ቅሬ (እድር) ላይ፣ ቡና ላይ፣ ሠርግ ላይ «ሚስቱ ናት የምታኖረው» ይባላል። ታዲያ ይህን ለሚል የሃይማኖት ሰው ጥሩ መልስ አለ። የነቢዩ ሙሐመድ ባለቤት ኸድጃ ሀብታም ነጋዴ ነበረች። እሳቸው በወጣትነታቸው የሷን ንግድ ይዘው ሻም (ሶርያ) ድረስ ተጉዘዋል። ይህ ክብራቸውን አልቀነሰም። መጽሐፍ ቅዱስም ባለሙያዋን ሴት ሲያመሰግን እርሻ አይታ የምትገዛ፣ የምትነግድ ሴት አድርጎ ነው። በወሎ ሁለቱም እምነት በአንድ ቤት በሚኖርበት አገር ይህን ማስታወስ ደግ ነው።

እውነተኛው አደጋ ወሬው አይደለም፤ ወሬውን ፈርቶ የሚደረገው ነው። ከቤት የሚያመሽ አለ። የሌለውን ብር ለጓደኛ ጋብዞ ወንድነቱን የሚያሳይ አለ። ሚስቱ የደረጃ ዕድገት ስታገኝ ሳምንት ሙሉ የሚያኮርፍ አለ። እሷም በበኩሏ ጭማሪዋን መደበቅ ትጀምራለች፤ ከዚያ በኋላ ውሸት ቤት ገባ ማለት ነው። አንተ ለቤቱ የምትሠራውን ዕወቀው። ልጆቹን ትምህርት ቤት የምታደርስ፣ የቤቱን ግንባታ የምትከታተል፣ ማታ የቤት ሥራ የምታሠራ ከሆንህ ያ የአባት ሥራ ነው፣ ኩራበት። አንቺም እህቴ፣ በጸብ መሃል «አንተማ ምን አለህ» የሚለውን ቃል ከአፍሽ አታውጪው። እሱ ቃል አንዴ ከወጣ የሚመልሰው ሽማግሌ አላየሁም።

ብዙ የማገኘው እኔ ነኝ። ታዲያ የመጨረሻው ቃል የኔ አይደለም?

አይደለም። ደመወዝ ተጨማሪ ድምፅ አይገዛም። የጋራ ቤት ለመሸጥ፣ ለማከራየት፣ በዋስትና ለማስያዝ የሁለታችሁም ስምምነት ያስፈልጋል፤ ቤቱን የገዛው የአንድ ሰው ላብ ቢሆንም።

ልጅ ስንወልድ ሥራዬን ልተው? ደመወዜ ለሞግዚት እንኳን አይበቃም።

ይህን ሒሳብ ብዙ እናቶች በተሳሳተ መንገድ ይሠሩታል። የሞግዚቷን ደመወዝ ከእናትየዋ ደመወዝ ላይ ብቻ ይቀንሱታል። ልጁ የሁለታችሁ ነው። ወጪውም ከሁለታችሁ ገቢ ላይ ነው የሚቀነሰው። እንዲያ ሲታይ መልሱ ብዙ ጊዜ ይለወጣል።

ሌላው ደግሞ የወደፊቱ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር የ2023ን የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኘችው ክላውዲያ ጎልዲን ካሳየቻቸው ነገሮች አንዱ፣ በወንድና በሴት ገቢ መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው የሚሰፋው የመጀመሪያው ልጅ ከተወለደ በኋላ መሆኑን ነው። ያጠናችው አሜሪካን ነው፤ ነገሩ ግን እኛም ቤት ይታያል። አምስት ዓመት ከሥራ የራቀች ነርስ ወይም የባንክ ሠራተኛ ስትመለስ ጓደኞቿ ደረጃ ወጥተዋል። ለዚህ ነው ከመልቀቅ በፊት ያለውን ሁሉ መጠቀም የሚያስፈልገው። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ (አዋጅ 1156/2011) ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለአባት 3 ቀን ብቻ ነው። ሦስት ቀን! የአባትን ዓመት ፈቃድ ከዚያ ጋር አያይዙት።

ከመከራችሁ በኋላ እሷ ቤት ትቅር ካላችሁም መብታችሁ ነው። ግን ቤት መቅረቷ ለቤቱ የከፈለችው ዋጋ እንደሆነ ሁለታችሁም ዕወቁት። በስሟ የቁጠባ ሒሳብ ክፈቱ፤ በየወሩ የሆነ ነገር ይግባበት።

ወላጆቼንና ወንድሞቼን እረዳለሁ። ባለቤቴ ግን ይከፋዋል።

እኛ አገር ደመወዝ የአንድ ሰው ሆኖ አያውቅም። ደላንታ ያለችው እናት ትጠብቀዋለች፣ ዩኒቨርሲቲ የገባው ታናሽ ወንድም ይጠብቀዋል። ጸቡ የሚመጣው መጠኑ ሳይታወቅ በቴሌብር ብድግ ብሎ ሲላክ ነው።

ለሁለቱም ወገን ቤተሰብ በየወሩ የሚወጣውን አስቀድማችሁ ወስኑ። የሱ እናት ካገኙ የሷም እናት ያግኙ። ትንሽ የምታገኘው ሚስት «ለናቴ ላክልኝ» ብላ ከምትለምን ከጋራው ላይ በራሷ እጅ ብትልክ ክብሯ ነው። ሞት፣ ሕመም፣ ሠርግ ሲመጣ ግን ደንቡ ይላላ። ድንገተኛ ነገር ላይ ወረቀት የሚያወጣ ሰው ወገን አይሆንም።

ባለቤቴ አረብ አገር ናት። የምትልከው ገንዘብ የማን ነው?

የሁለታችሁ ነው። ያንተ ብቻ አይደለም። እጅህ ላይ ስለገባ ያንተ አይሆንም። በሷ ላብ ስለመጣም የሷ ብቻ አይደለም። ከብሩ ምን እንደሚሠራ ከመሠራቱ በፊት አብራችሁ ወስኑ።

ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ዓመት ሳይሞላ ከ120 ብር አለፈ። ሪያሉም አብሮ ወጣ። እዚህ ላለው ሰው «ብር በዛ» ሆነ። አጎት ይጠይቃል፣ ጎረቤት ያበድሩኝ ይላል፣ ባልም መኪና ማሰብ ይጀምራል። እሷ ግን የምታገኘው ያንኑ 1,000 ሪያል ነው። የምትነሳው ያው ከንጋቱ በፊት ነው። እዚህም ዋጋው አብሮ ጨምሯል። ይህን ለቤተሰቡ ማስረዳት ያንተ ሥራ ነው፤ ከሩቅ ሆና እሷ «የለኝም» እንድትል አታድርጋት።

ለባሎችም ፍትሕ አለ። ልጅን ያለ እናት ማሳደግ፣ ጠጉሯን መሥራት፣ ትኩሳቷን ሌሊት መጠበቅ ከባድ ሥራ ነው። ብር የሚልኩ እናቶች ይህን ይወቁላቸው። ኢሞ ላይ ስትደዋወሉ ስለ ብር የማታነሡበት ቀን ይኑር። «ደረሰ?» «ደረሰ» ብቻ የሆነ ትዳር አይቻለሁ። ልጅቱ ስልኩ ሲጮህ እናቷ መሆኗን ሳይሆን ብር መምጣቱን ነበር የምትጠይቀው።

ስመለስ የላክሁት ብር በወንድሜ ስም ቤት ሆኖ ጠበቀኝ። ምን ላድርግ?

ይህ ጥያቄ ልብ ይሰብራል፤ ይመጣልም ደጋግሞ። በ2006 ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ብዙ እህቶች ባዶ እጃቸውን ነበር የወረዱት። ከነሱ መካከል የላኩት ብር እንዳልጠበቃቸው ያወቁ ነበሩ።

ካርታው በባልሽ ስም ከሆነ ብዙም አትደንግጪ። በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ነው የሚታሰበው። «የግሌ ነው» የሚለው ሰው ያስረዳ። በወንድም ወይም በአባት ስም ሲሆን ግን መንገዱ ረጅም ነው። ብሩን ለምን እንደላክሽ ማሳየት ይኖርብሻል። የባንክ ደረሰኝ ሰብስቢ። የድምፅ መልእክትና ጽሑፍ ከስልክሽ አታጥፊ። «አበድሬው ነው» ለማለት ካሰብሽ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ መረጋገጥ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይላል። በመጀመሪያ በሽማግሌ ብትይዢው ጥሩ ነው፤ በወሎ አባጋሮች (የአገር አስታራቂዎች) እንዲህ ያለውን ነገር ያውቁበታል፣ ወንድምሽንም ደም ሳያቃቡሽ ይመልሱታል። ስምምነቱን ግን በጽሑፍ አድርጉት፣ ምስክሮቹም ይፈርሙ።

ገና ውጭ ላላችሁ፦ በራሳችሁ ስም ሒሳብ ይኑራችሁ። ቦታ የሚገዛ ሰው ካለ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ውክልና ስጡት፤ ውክልናው ላይ ካርታው በማን ስም እንደሚወጣ ይጻፍ። ወንድምን አለማመን አይደለም። ነገ ሚስት ያገባል፣ ልጆች ይወልዳል፣ እነሱ ደግሞ ያንቺን ላብ አያውቁም።

ሙስሊም ነን። በሸሪዓ የሚስት ገንዘብ የሷ ነው፤ ሕጉ ደግሞ የጋራ ይላል። የቱን እንያዝ?

ሁለቱም ትክክል ነው፤ ሁለቱ የተለያዩ ሥርዓቶች ናቸው። በሸሪዓ የቤቱ ቀለብ፣ ነፈቃ፣ የባል ግዴታ ነው። ሚስት ሀብታም ብትሆንም ግዴታው አይነሳለትም። ገንዘቧ የሷ ነው፤ ለቤቱ ካወጣች በበጎ ፈቃዷ ነው። በቤተሰብ ሕጉ ግን የሁለቱም ገቢ የጋራ ነው፣ ወጪውም የጋራ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ሰዎች ከፈለጉ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኙ ይፈቅዳል። የሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚያየው ግን ሁለታችሁም ስትስማሙ ብቻ ነው። አንዱ እምቢ ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። እኔን የሚያሳዝነኝ የሚመቸውን መርጦ የሚይዝ ሰው ነው። ደመወዟን ሲፈልግ «በሕጉ የጋራ ነው» ይላል። ሀብቱን ስትካፈለው ደግሞ «በሸሪዓ የየራሳችን ነው» ይላል። በኒካሁ (በጋብቻ ውሉ) ሰሞን፣ መህሩ (ባል ለሚስት የሚሰጠው) ሲነገር፣ ይህንንም አብራችሁ ተነጋገሩት።

ከጋብቻ በፊት ሱቅ ነበረኝ። እሱም የጋራ ይሆናል?

ሱቁ የግልህ ነው። ኪራዩ ግን አይደለም። ከግል ንብረት በትዳር ጊዜ የሚገኝ ገቢ የጋራ እንደሚሆን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ሲፋታ ነው የሚደነግጠው። በውርስ ወይም በስጦታ ያገኘኸውም የግልህ ነው። የግል ገንዘብህን ከፍለህ አዲስ ነገር ከገዛህና የግሌ ሆኖ ይቀጥል ካልህ ፍርድ ቤት እንዲያጸድቅልህ ጠይቅ።

ሌላ ዓይነት አሠራር ከፈለጋችሁ የጋብቻ ውል አለላችሁ። በጽሑፍ ይሆናል፣ በሴቷ በኩል 2፣ በወንዱ በኩል 2፣ በጠቅላላው 4 ምስክሮች ይፈርሙበታል። ጊዜው ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ ነው። ከተጋባችሁ በኋላ እርስ በርስ የምትዋዋሉት ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። ውል መጻፍ መጠራጠር ይመስላል ለሚሉ ሽማግሌዎች፦ ጥሎሽ ሲቆጠርና ሲመዘገብ ማንም ተጠራጠራችሁን አላለም።

ሳንጋባ አብረን እንኖራለን። የኔ ደመወዝ ከፍ ያለ ነው፤ ዕቃውን የገዛሁት እኔ ነኝ።

የፌዴራሉ ሕግ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎች ንብረት የጋራ የሚሆነው ቢያንስ 3 ዓመት ከቆዩ ነው ይላል። ከዚያ በታች ከሆነ እያንዳንዱ የገዛውን ይወስዳል፤ ደረሰኝ ያለው ያሸንፋል። ስለዚህ ትንሽ የሚያገኘው ወገን ኪራይና አስቤዛ እየከፈለ፣ ብዙ የሚያገኘው ፍሪጅና ሶፋ እየገዛ ከኖሩ ሲለያዩ የመጀመሪያው እጁ ባዶ ነው። ለሱ ማዘን ብቻ አይበቃም። ከአሁኑ የዕቃውንም የወጪውንም ሁለታችሁም አብራችሁ ክፈሉ።

ባለቤቴ ሳላውቅ ተበድሯል። የኔ ደመወዝ ይነካል?

ብድሩ ለምን እንደዋለ ይወስነዋል። ለቤት ቀለብ፣ ለልጆች፣ ለቤት ኪራይ ከሆነ የሁለታችሁ ዕዳ ነው። ለግሉ ጉዳይ ከሆነ መጀመሪያ የግል ንብረቱ ይጠየቃል። ያ ከሌለው ግን ወደ ጋራ ሀብታችሁ ይመጣል። ደመወዝሽም የጋራ ሀብት መሆኑን አትርሺ።

ሕጉ ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ከ500 በላይ! ዛሬ ይህ የአንድ ቀን አስቤዛ ነው፤ ሁሉም ሰው ይጥሰዋል። ትልቅ ብድር ወይም ዋስትና ሲሆን ግን ያላወቀው ወገን ውሉ እንዲሻር ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። ጊዜው አጭር ስለሆነ ያወቅሽ ዕለት የሕግ ባለሙያ ጠይቂ። ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው በእንቢታ ሳይሆን በማዘግየት ነው።

ብንፋታ ብዙ ያመጣው ብዙ ይወስዳል?

አይወስድም። የጋራ ሀብት እኩል ይካፈላል። አንዱ ሚሊዮን፣ ሌላው አንድ ሺህ ብር አምጥቶ ቢሆን እንኳ። መጀመሪያ እያንዳንዱ የግሉ መሆኑን ያስረዳውን ያወጣል። ዕዳ ይከፈላል። የቀረው ለሁለት ነው። በመጀመሪያ ሲሰሙት ብዙዎችን ያስቆጣል። ግን ያን ሚሊዮን ያመጣው ሰው ጠዋት ሲወጣ ልጆቹ በማን እጅ እንደቀሩ ይጠየቅ።

የልጅ ቀለብ ግን እኩል አይደለም። ፍርድ ቤቱ የሚያየው የልጁን ፍላጎትና የወላጁን አቅም ነው። ብዙ የሚያገኘው ብዙ ይከፍላል፤ እናትም ብትሆን።

ወደ ክስ ከመሄዳችሁ በፊት የካርታውን ቅጂ፣ የመኪናውን ሊብሬ፣ የሁለታችሁን የባንክ ስቴትመንትና የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ሰብስቡ። የጋብቻ ወረቀት ከሌላችሁ፣ ሠርጉን የበሉ ጎረቤቶችና የቅሬ አባላት ባልና ሚስት መሆናችሁን ሊመሰክሩላችሁ ይችላሉ።